አመሏ የተነገረ በቅሎ

በሰቆጣ ገበያ ዕድሜዬን ስቆም ዋስ አምጪ ተብዬ አላውቅም። ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ በቅሎ የማረባ እኔ ነኝ፤ ባዝራዋን ከአህያው የማገናኝ እኔ፣ ውርንጭላዋን የምገራ እኔ፣ ገበያ አውጥቼ የምሸጥ እኔ። ቄሱ ከኔ ገዝተዋል፣ ዳኛው ከኔ ገዝተዋል። በጦርነቱ ጊዜ ሳይገዛ የወሰደም አለ፤ እሱን እግዜር ይጠይቀው። በቅሎዋ የወለተ ገብርኤል ናት ከተባለ አፏን ከፍቶ ጥርሷን የሚያይ ገዢ አልነበረም። አሁን ግን ፊቴን አይቶ የማያውቅ፣ የት እንደተቀመጠ እንኳ የማይታወቅ ሰው፣ በጣቱ አንድ ነገር ነክቶ አጠራጣሪ ናት አለኝ። እኔን! የሰማውም ሁሉ፣ ማነው ያለው ብሎ ሳይጠይቅ አመነ።

ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ማዘን ያማረው ለራሱ ይዘን።

የበቅሎ ገበያችን ሥርዓት አለው። በቅሎ የሚሸጥ ሰው ገዢው ከመጠየቁ በፊት አመሏን ይናገራል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው እየሰማ። የምትነክስ እንደሆነች ትነክሳለች፣ የምትደነብር እንደሆነች ትደነብራለች ይላል። የተነገረ አመል ወደ ሻጩ አይመለስም፤ ገዢው ሰምቶ ገዝቷልና ብትረግጠውም ለራሱ። ያልተነገረ አመል የተገኘ ዕለት ግን በቅሎዋ ትመለሳለች፣ ሻጩም ከዚያ ወዲያ ገበያ ውስጥ አፉን ቢከፍት የሚሰማው የለም። ስለዚህ አመል የምንናገረው ደጎች ስለሆንን አይደለም። ራሳችንን ስለምንጠብቅ ነው። በቅሎዬ ምንም አመል የለባትም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ የሰረቃት ናት።

በ2001 ዓ.ም. በእውቀቱ የሚባል ልጅ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ኢንተርኔት ቤት ከፈተ። ልጅ የምለው ከኔ አንጻር ነው እንጂ ጢሙን ያቆመ ሰው ነው። እሱና አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቹ የዋግ ሰው የሚገበያይበት ገጽ አቋቁመዋል። ከአገር የወጡ ልጆች፣ አዲስ አበባ ያለውም ዓረብ አገር ያለውም፣ ገጹን ከፍተው ፎቶ አይተው እዚህ ለቀሩት እናት አባታቸው ፍየል ይገዛሉ፣ በሬ ይገዛሉ። ሻጩ እንስሳውን ነድቶ እስከ ቤታቸው ያደርሳል። ጉልበቴ ደክሞ ነበር፤ ገበያ ስወጣ እኔ በቅሎዋን በመሳብ ፈንታ እሷ እኔን መጎተት ጀምራለች። እንግዲያው ከደጄ ሳልርቅ ልሽጣት ብዬ ዳማዋን በቅሎዬን ይዤ ሄድሁ።

በእውቀቱ ደጁ ላይ አቁሞ ፎቶ አነሳት። ጥሩ ነው። ገብቼ ተቀመጥሁ።

«አሁን አመሏን ጻፍ» አልሁት።

«ምኗን?»

«አመሏን። ግራ ጆሮዋን ሲነኳት ትነክሳለች። ድልድይ ስታይ ትቆማለች፤ ወርዶ የሚስባት ይፈልጋል። የሰከረ ሰው ሽታ አትወድም፤ ከላይዋ ታወርደዋለች።»

ዮርዳኖስ የምትባል አብራው የምትሠራ ልጅ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። «የመጨረሻዋስ አመል አይደለችም እማማ፣ ምርቃት ናት» አለችኝ። ወደድኋት።

በእውቀቱ አልሳቀም። «እማማ፣ እዚህ እንዲህ አይጻፍም። ሰው የሚጽፈው ጥሩ ጥሩውን ነው። ጤነኛ፣ ለማዳ፣ ለመንገድ የምትመች እንላለን።»

«ለማዳ ናት ብዬሃለሁ?»

«አላሉም፣ ግን…»

«እንግዲያው በኔ ስም ለምን ትዋሻለህ? ያልሁህን ጻፍ፤ አልጽፍም ካልህ ፎቶዋን መልስልኝ።»

ፎቶ እንደማይመለስ ሊያስረዳኝ ሞከረ። አልሰማሁትም። በመጨረሻ ዮርዳኖስ ያልሁትን ሁሉ ጻፈችው፣ አነበበችልኝም፤ አንድ ነገር አላጎደለችም።

ብዙም ሳይቆይ ገዢ መጣ። ዓለምነህ ይባላል፣ ጅዳ ነው ያለው። እናቱ ዘመናይ ከኛ በላይ ባለው መንደር ትኖራለች፤ እሷና እኔ አንድ ማኅበር ነን። እግሯን ያማታል፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሰው ደግፏት ነው። ልጅየው ለበእውቀቱ የጻፈውን ዮርዳኖስ አነበበችልኝ፤ «ከዚህ ሁሉ ሻጭ አመል የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አባቴ በቅሎ ሲገዛ እንዲህ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለእናቴ አድርሱልኝ» ይላል። የሰው ልጅ ማለት እንዲህ ነው ብዬ መረቅሁት።

በማግስቱ በቅሎዋን ጭኜ፣ የራሴን ኮርቻ በምርቃት ደርቤ፣ ዳገቱን ወጣሁ። ዘመናይ ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እንድወርድ አላለችኝም፤ እንደምን አደርሽም አላለችኝም።

«ልጄ ደውሎ ነበር» አለች። «ተይው ብሎኛል።»

«ምን አገኘባት?»

«በቅሎዋ ላይ አይደለም።» ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። «አንቺ ላይ ነው። ስምሽ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጓል አለኝ። ሌሎቹ የጻፉትን ችላ እል ነበር አለ፣ ግን እዚሁ የሚያውቅሽ ሰው አትታመንም ብሏል አለኝ።»

«አንቺስ? አንቺ አታውቂኝም?»

«አውቅሻለሁ ወለቴ። ግን ልጄ ሩቅ ነው ያለ። ለምን ላስቀይመው?»

አብረን ማኅበር የጠጣን ሴት ናት። ኮርቻዬን እንኳ ሳታይ ፊቷን መለሰች። በቅሎዋን አዙሬ ወረድሁ፤ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ኢንተርኔት ቤቱ።

በእውቀቱ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። «እማማ፣ ልልክብዎት ነበር» አለ።

«ሳትልክብኝ መጣሁልህ። ማነው አትታመንም ያለኝ?»

«ስም አይነገርም። ሕጉ ነው። ሦስት ሰው አጠራጣሪ ካለ ማስታወቂያው ይወርዳል፣ የሻጩ ስም ላይ ቀይ ምልክት ይቀመጣል።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«እኛው። ተጠቃሚዎቹ። ገጹ ራሱን በራሱ ነው የሚጠብቅ። ፖሊስ የለበትም፣ ዳኛ የለበትም።»

«እሱንማ አየሁት።»

ደሙ ሞቀ። «እማማ፣ እርስዎ ላይ ስለደረሰ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ነጋዴ የሌሉ በሬዎች ፎቶ ለጥፎ የስንቱን ልጅ ላብ በላ። ያን ሰው ያስወጡልን እነዚህ ምልክቶች ናቸው። ስማችሁ ይወጣል ቢባሉ ማን ይናገር ነበር? ሰውየው እዚሁ ከተማ ነው ያለ። ጠመንጃ አለው።»

ይህ እውነት ነው። ከማልወደው አፍ ቢወጣም እውነት ነው። ነጋዴውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ብሆን ደጁ ላይ ቆሜ ሌባ ነህ አልለውም።

«አውጫጭኝ ታውቃለህ?» አልሁት።

«ሲወራ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ተቀምጬበታለሁ። በንጉሡ ጊዜ ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሌባውን ያየ፣ ነገር ግን የሚፈራው ሰው ተደብቆ ለሽማግሌዎቹ ይነግራል። ወፍ ይባላል። ማን እንደነገረ ሌባው እስኪሞት አያውቅም።»

«ይኸው! እኛም ያደረግነው…»

«አልጨረስሁም። ሌባው አያውቅም እንጂ ሽማግሌዎቹ ወፏን ያውቋታል። መጽሐፍ ያስመቷታል። የት ቆመሽ አየሽ ይሏታል። ከሰውየው ጋር ጠብ አለሽ ወይ፣ መሬት ትካሰሳላችሁ ወይ ይሏታል። ጠብ ካላት አትሰማም፤ ሂጂ ትባላለች። ያንተን ወፍ ማን አስማላት? ከኔ ጋር ምን አላት ብሎ ማን ጠየቃት?»

«ማሽኑ ነው እንጂ ሰው የለበትም።»

«ማሽኑ ይጠይቃል?»

ዮርዳኖስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ «ይቆጥራል እንጂ አይጠይቅም» አለች። በእውቀቱ ገላመጣት።

«ስማቸው ካልተነገረ ያሉት ይነገረኝ» አልሁ። ይህን እምቢ ማለት አልቻለም፤ ለካ ያሉት ነገር ለሁሉም ይታያል፤ ማንበብ የማልችል እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት። ዮርዳኖስ አነበበችው። አንደኛው፣ «ይሄ ቀልድ ነው፣ የገዛ በቅሎውን የሚሰድብ ሻጭ የለም» ይላል። ሁለተኛው፣ «እንዲህ የምትባል ሴት የለችም፤ አንድ ሥራ ፈት የፈጠራት ናት» ይላል። እነዚህን ተውኋቸው። በቅሎና ፈረስ የማይለዩ የከተማ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ግን «ሻጯን አውቃታለሁ፣ አትታመንም» ነው የሚል።

አውቃታለሁ! ጅዳ ያለውን ልጅ ያስፈራው ይህ ነው። ዘመናይን ፊቷን ያስመለሳት ይህ ነው። እኔም መንገዱን ሁሉ ይህን ስል ሄድሁ። የሚያውቀኝ ማነው? የሚያውቀኝና የሚጠላኝ? ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ሳስብ አንድ ስም ብቻ መጣልኝ።

ምትኩ በቅሎ ነጋዴ ነው። እሱና እኔ በገበያው ዳርና ዳር ቆመን የተራረፍንበት ቀን የለም። በገበያው ቀን በቅሎዬን ይዤ ወጣሁና፣ እሱ ሦስት አራት ሰው ሰብስቦ ሲለፈልፍ፣ የጋቢውን ጫፍ ያዝሁት።

«አንተ ምትኩ! ወፍ ሆንህብኝ አሉ።»

ሆዱን መታ። «ወፍ? በዚህ ሆዴ?» ሰው ሳቀ።

«ኢንተርኔት ቤት ገብተህ አትታመንም ብለህ አላጻፍህብኝም?»

«ወለቴ፣ እኔ አንቺን ለመስደብ ኮምፒውተር እከራያለሁ? ዕድሜ ልኬን በነጻ ስሰድብሽ የኖርሁ ሰውዬ?»

ሰው አሁንም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አልሁት፤ እዚህ አልደግመውም። እሱም በኽምጣኛ መለሰልኝ፤ የኔን ያህል ባይሆንም ደህና ነበር። ከዚያ ጋቢውን ከእጄ አላቅቆ ወደ ሰዉ ዞረና በአማርኛ ጮኸ፣ የማይሰማ እንዳይኖር።

«ስሙኝ! የዚች ሴት አፍ መርዝ ነው። ገዢዬን ከእጄ ላይ ነጥቃኛለች። አባቴን በመቃብሩ ሰድባብኛለች። አመል ደብቃ በቅሎ ሸጣ ግን አታውቅም። ጊዮርጊስን፣ አታውቅም! የምላት ካለኝ እዚህ እላታለሁ። እንዲህ!»

ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ይህን ባይሠራም በሌላ የሚገባው ስድብ አይጠፋም።

ወዲያው ከኒሯቅ የመጣ አንድ ጎልማሳ ወደ በቅሎዬ ቀረበ። አመሏን ተናገርሁ፣ ጆሮዋን፣ ድልድዩን፣ የሰካራሙን። ደህና አድርጎ ሰማኝ። ወገቧን ዳሰሰ፣ ኮቴዋን አነሳ፣ ዓይኑ ወደዳት። ከኋላው የነበረ ጓደኛው ጆሮው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ሰውየው እጁን ከበቅሎዋ ላይ አነሳ።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ እንዲያውም አንገቱን ደፍቶ፣ «ዋስ ይኖርዎታል?»

በአክብሮት መናገሩ ነው የባሰብኝ፤ ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ከዚያ ከዳር በኩል የምትኩ ድምፅ መጣ።

«እኔ ዋሷ ነኝ! ጻፉኝ!»

ምትኩ! ለኔ! ስቃይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። «የምትኩን ዋስትና ከምቀበል በቅሎዋን ገደል እለቃታለሁ» አልሁና ልጓሟን ስቤ ወጣሁ። ከኋላዬ «ለገደሉም አመሏን ንገሪው!» ሲል ሰማሁት።

ኢንተርኔት ቤቱ ስደርስ በእውቀቱ አልነበረም፤ ዮርዳኖስ ብቻዋን ናት። በቅሎዋን ከበሩ ላይ አሰርሁ፤ መግቢያውን በጎኗ ዘጋችው። ደግ አደረገች።

«አንቺ ልጅ» አልኋት፣ «ያ ሦስተኛው ከየት እንደተነካ አይታወቅም?»

ጠረጴዛውን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውል ጀመር። ንጹሕ ጠረጴዛ ነው።

«እማማ፣ ሥራዬን እፈልገዋለሁ።»

«ማን ነጠቀሽ? ዝም በይ፣ በራስሽ ብቻ መልሺልኝ። ከሩቅ ነው? ከአዲስ አበባ?»

አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ከሰቆጣ?»

«ከዚህ ቤት ነው» አለች። «ከዚህ፣ እኔ ከተቀመጥሁበት።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ብሆንማ እነግርዎት ነበር?»

በዚህ ጊዜ በእውቀቱ መጣ። በሩ ላይ ያለችውን በቅሎ ለማለፍ ሲል ግራ ጆሮዋን ገፋ፤ ነግሬዋለሁ፣ ተጽፏልም። ክንዱን ይዞ እየተሳደበ ገባ። እኔን ሲያይ ስድቡን ዋጠ፤ ከዚያ ዮርዳኖስን አየ፤ ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው ፊቱ ነገረኝ።

«አንተ ነህ» አልሁት።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አንተ ነህ ወይ?»

«እኔ ነኝ» አለ። «ግን እንደሚያስቡት አይደለም። የአዲስ አበባ ልጆች ማስታወቂያውን ለሰው ሁሉ እየላኩ ሲስቁብን ነበር። የሰቆጣ ባልቴት በቅሎዋን ሰደበች እያሉ። እኛ ይህን ገጽ ሰው እንዲያከብረው ስንት ለፍተናል! ሁለት ምልክት ነበረው። አንድ ቢጨመር ይወርዳል። ጨመርሁት። እርስዎን ለመጉዳት አልነበረም።»

«ቤቱ ያንተ አይደል? ራስህ አታወርደውም ነበር?»

«አንችልም። ገጹን የምንመራ ሰዎች በሥልጣናችን ማስታወቂያ እንዳናወርድ ከልክለናል። አድልዎ እንዳይኖር ብለን።»

ዮርዳኖስ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«እሺ፣ ይውረድ። አትታመንም ማለትን ምን አመጣው?»

«ምክንያት ካልተጨመረ አይቀበልም። መጻፍ ይቻላል፤ ወይም ከተዘጋጁት አንዱን መምረጥ። ቸኩዬ ነበር፣ መረጥሁ።»

«ሌሎቹ ምን ምን ነበሩ?»

ዮርዳኖስ ቀድማው መለሰችልኝ። «እንስሳው ታሟል የሚል አለ። እንስሳው የሻጩ አይደለም የሚል አለ።»

«እና አንተ በቅሎዋ ታማለች ብለህ መዋሸት ከበደህ» አልሁት። «በበቅሎ መዋሸት ነውር ሆነብህ። እኔ ቀለልሁህ።»

ክንዱን እያሸ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። «አሁን አነሳዋለሁ» አለ። «ቀዩም ይነሳል፣ የጻፍሁትም ይጠፋል። እዚሁ እያዩኝ። እንዳልነበረ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም። ለዓለምነህም ስህተት ነበር ብዬ እጽፍለታለሁ።»

«የማን ስህተት ልትለው?»

«የማሽኑ።»

እዚህ ላይ ተነሳሁ። ጉልበቴን ቢያመኝም ቀጥ ብዬ ነው የተነሳሁ።

«እጅህን አንሳ» አልሁት። «አታጥፋው። ብታጠፋው ዘመናይ፣ አሮጊቷ አልቅሳ አስጠፋችው ትላለች። የኒሯቁ ሰውዬ የሚመጣውም ገበያ ዋስ ይለኛል። አንተ ገበያ ላይ አልነበርህም፤ እኔ ነኝ የቆምሁት። ምልክቱ ይቆይ፤ ቀዩም ይቆይ፤ አትታመንም ብለህ ከልብህ የምታምን ከሆነ መቶ ዓመት ይቆይ። ምትኩ እንኳ ሊሰድበኝ ሲፈልግ አደባባይ ቆሞ በአፉ ሰደበኝ።»

«እማማ፣ ገጹን የምመራው እኔ መሆኔ ከታወቀ እኮ ማንም አያምነንም። ሁሉም ነገር ይፈርሳል።»

«እሱን አንተ እወቅ። እኔ ገጽ የለኝም፤ ስም ነው ያለኝ። ዮርዳኖስ፣ ተነሽለት፤ ይቀመጥ። አንተ ደግሞ ከጻፍኸው ሥር ስምህን ጻፍ። በእውቀቱ በል፣ የአባትህን ስም ጨምር፣ የገጹ ኃላፊ እኔ ነኝ በል፣ ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የነካሁት በል። ለምን እንደነካኸውም አሁን ለኔ እንደነገርኸኝ አድርገህ ጻፍ፤ ሳቁብን ብዬ በል፣ ቸኩዬ በል። ስትጨርስ እሷ ታነብልኛለች። አንድ ቃል ብታጎድል እንደገና ትጽፋለህ፤ እኔ የምሄድበት የለኝም፣ በቅሎዋም ከበርህ ላይ አትነሳም። ተቀመጥ። ጻፍ።»